እግር ያወቀውን አንደበት እስኪያስተምር

ስፖርተኛ ሜዳውን ሲለቅ ምን ይሆናል? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ለአገራችን ስፖርት ግን ከዋንጫ ቆጠራ ይበልጥ ክብደት ያለው ጥያቄ ነው። አንድ ጎበዝ ተጫዋች ለአሥራ አምስትና ለሃያ ዓመት በላብ የሰበሰበው እውቀት ጫማውን በሰቀለበት ቀን አብሮት ቤት ይገባል ወይስ ወደ ተከታዩ ትውልድ ይሻገራል? ብዙ ሰው መልሱን ቀላል አድርጎ ያየዋል። ጎበዝ ተጫዋች ነበር፤ እንግዲህ አሠልጣኝ ይሁን ይባላል። እኔ ዛሬ የምሟገተው አሠልጣኝነት ከተጫዋችነት የሚወረስ ርስት እንዳልሆነ፣ ራሱን የቻለ ሁለተኛ ሙያ እንደሆነና ትምህርቱም ተጫዋቹ ገና በሜዳ ላይ ሳለ መጀመር እንዳለበት ነው። ማስረጃዬን የማመጣው በአብዛኛው ከራሳችን ታሪክ ነው። ታሪኩ የሚያኮራም የሚያሳዝንም ገጽ አለው፤ ከሁለቱም እንማራለን።

ከአሳዛኙ ልጀምር። በ1974 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ ሊቢያ ሄደ። አሠልጣኙ መንግሥቱ ወርቁ ነበሩ። ለወጣቶቻችሁ ማን እንደነበሩ መናገር ያስፈልጋል። የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ፣ በ1954 ዓ.ም. ዋንጫውን ያነሣው ቡድን ግብ አዳኝ፣ በአፍሪካ ዋንጫ ታሪክ በድምሩ አሥር ጎል ያገቡ ሰው ናቸው። በዚያ መድረክ አሥር ጎል ማግባት ዛሬም ለብዙ ታዋቂ አጥቂዎች ሩቅ ነው። እንግዲህ እኒህ ሰው የመሩት ቡድን በሊቢያ ሦስት ጨዋታ አደረገ። በናይጄሪያ 3 ለ 0 ተሸነፈ፤ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ከአልጄሪያ 0 ለ 0 ተለያየ። አንድም ጎል አላገባም። አገሪቱ ካፈራቻቸው ጎል አግቢዎች ቁንጮ የሆኑት ሰው የሚመሩት ቡድን አንድም ጎል ሳያገባ ተመለሰ።

ይህን የምናገረው መንግሥቱ ወርቁን ለመውቀስ አይደለም። ስማቸው በክብር ይነሣል፤ በ2003 ዓ.ም. ሲያርፉ የአገሪቱ እግር ኳስ ትልቅ ሰው አጥቷል። ውጤቱን በጥንቃቄ ያየ ሰውም ሁለት ነገር ይለያል። የመጀመሪያው፣ ናይጄሪያ ያኔ የዋንጫው ባለቤት ነበረች፤ ዛምቢያም በዚያው ውድድር ሦስተኛ ወጣች። አልጄሪያ ደግሞ ከጥቂት ወራት በኋላ በስፔኑ የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን አሸነፈች። ከእንዲህ ያለ ቡድን ጋር ዘጠና ደቂቃ ጎል ሳይገባበት የወጣ ቡድን አሠልጣኝ የሌለው ቡድን አይደለም። መከላከልን ማደራጀት፣ ማን የት እንደሚቆም መወሰን፣ ይህ በቃልና በልምምድ የሚተላለፍ እውቀት ነው፤ መንግሥቱም አስተላልፈውታል። ሁለተኛው ነገር ግን ይበልጥ ያስተምራል። በጎል ፊት ኳሱ ሳይመጣ የሚመጣበትን ቦታ ማወቅ፣ ተከላካዩ እግሩን ሳያነሣ ማሰቡን መገመት በመንግሥቱ አካል ውስጥ የነበረ እውቀት ነው። ይህ በጥቂት ወራት ዝግጅት ወደ ሌላ ሰው እግር አይገባም። የሚገባ ቢሆን ኖሮ ያ ቡድን ጎል ባልራበው ነበር። አካል የሚያውቀው ነገር ራሱን አይናገርም። ባለቤቱ ቆም ብሎ፣ ከፋፍሎ፣ ስም ሰጥቶ፣ ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በሚገባ ደረጃ እስኪያወርደው ድረስ ከራሱ አይወጣም። ይህ ሥራ ዓመታት ይፈልጋል፤ የሚጀመረውም ከታዳጊ ነው። ለውድድር ብቻ ለሚሰበሰብ ብሔራዊ ቡድን አጥቂነትን ከሥሩ ላስተምር የሚል አሠልጣኝ ጊዜው ያልፍበታል። ከዚያ ውድድር በኋላ ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ እስክትመለስ 31 ዓመት ጠበቀች፤ በሰውነት ቢሻው አሠልጣኝነት የተመለሰችው በ2005 ዓ.ም. ነው።

አሁን ወደሚያኮራው ገጽ እንለፍ። በ1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ካርቱም ላይ ሲደረግ ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች። ከሁለት ዓመት በኋላ ካይሮ ላይ ደገመችው፤ ያውም በዚያው 4 ለ 0። ሦስተኛው ውድድር በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሆነ። ጥምቀትና ቃና ዘገሊላ ባለፉ ማግስት፣ ጥር 13 ቀን፣ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አክለውበት 4 ለ 2 አሸነፈች። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

ይድነቃቸው ለክርክሬ ዋና ምስክር ናቸው፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይባቸው። ራሳቸው ተጫዋች ነበሩ፤ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ከሃያ ዓመት በላይ ተጫውተዋል፤ ለብሔራዊ ቡድንም ተሰልፈዋል። በዚህ ብቻ ብናያቸው «ይኸው፣ ጎበዝ ተጫዋች ጎበዝ አሠልጣኝ ሆነ» ብለን እንጨርስ ነበር። ነገር ግን ከዚያ የጥር ቀን በፊት ከተጫዋችነታቸው ሌላ የሠሩትን እንመልከት። ከነፃነት በኋላ የአገሪቱን ስፖርት በጽሕፈት ቤት ካደራጁት ሰዎች አንዱ ናቸው። ውድድር አዘጋጅተዋል፣ ደንብ አስፈጽመዋል፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ ነበሩ። ከድሉ ዓመታት በኋላም በ1964 ዓ.ም. ፕሬዚዳንቱ ሆኑ፤ በ1979 ዓ.ም. እስኪያርፉም በዚያው ኃላፊነት ቆዩ። ከድሉ በፊት ያለው ዘመን ኳስን ከእግራቸው አውጥተው በቃል ያስቀመጡበት ነው። የሚያደርጉትን ለጸሐፊ፣ ለዳኛ፣ ለባለሥልጣን፣ ለባዕድ አገር ሰው ማስረዳት ነበረባቸው። የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፣ የዚያ ታላቅ ግጥምና ዜማ አዋቂ ልጅ እንደነበሩም አትርሱ፤ ቃል በሚከበርበት ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። በ1954 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ የተመራ ቡድንን አረጋግቶ ወደ ተጨማሪ ሰዓት ያስገባውን ሰው የረዳው ጎል አግቢነቱ ብቻ አልነበረም። ማስረዳትን ተምሮ ነበር።

እዚህ ላይ የእናንተን የላስታን ሰዎች እውቀት ልጠቅስ። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ድጓውን በቃሉ የጨረሰ፣ ድምፁ ያማረ ተማሪ ሁሉ መምህር አይባልም። ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ወርዶ ያስመሰክራል፤ ዝማሬ መዋሥዕት ከሆነም ዙር አባ ይሄዳል። ከዚያም በፊት ገና ተማሪ ሳለ ታናሹን ያስጠናል፤ ቀለም ያስቀጽላል፤ የኔታ ከሩቅ ሆነው ያዳምጡታል። ማዜም ሌላ፣ ማስተማር ሌላ እንደሆነ አባቶቻችን አውቀው ለሁለተኛው የራሱን መንገድ አበጁለት። ዜማውን ሳያውቅ የሚያስተምር የለም፤ ዜማውን በማወቁ ብቻ ወንበር የሚሰጠውም የለም። በስፖርታችን ይህ መንገድ አልተበጀም። በሜዳው የዘመረውን ሰው ዕለቱን ወንበር ላይ እናስቀምጠዋለን፤ ሦስት ጨዋታ ከተሸነፈም እንጥለዋለን።

ከውጭ አንድ ምሳሌ ላምጣ፤ ያውም ከመረብ ኳስና ከሩቅ ሰሜን። ፊንላንድ ለእኛ እንግዳ አገር አይደለችም። የአበበ ቢቂላ አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን፣ ስዊድናዊ ብለን የምናውቀው፣ የተወለደው ፊንላንድ ነው። ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ በ10,000 ሜትር ወርቁን ሲወስድ ብሩን የወሰደው ካርሎ ማኒንካ ፊንላንዳዊ ነበር። የምናገረው ግን ስለ ቱኦማስ ሳሜልቩኦ ነው። ፑዳስያርቪ በምትባል የሰሜን ፊንላንድ ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1976 ተወለደ። በመረብ ኳስ አጥቂ ሆኖ አድጎ በጣሊያንና በሌሎች አገሮች ሊጎች ተጫወተ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ፊንላንድ በአውሮፓ ሻምፒዮና አራተኛ ስትወጣ በቡድኑ ውስጥ ነበር። ያንን ቡድን የመራው ጣሊያናዊው ማውሮ ቤሩቶ ነው። ሳሜልቩኦ ከዚያ ወደ አሠልጣኝነት ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2013 የአገሩን ብሔራዊ ቡድን ያዘ፤ በ2014 የዓለም ሻምፒዮና ዘጠነኛ አወጣው። እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሜሮቮን ቡድን የሩሲያ ሻምፒዮን አደረገ፤ በዚያው ዓመት የሩሲያ ብሔራዊ ቡድን በእሱ አሠልጣኝነት የኔሽንስ ሊግን አሸነፈ፤ በቶኪዮ ኦሊምፒክም ብር አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የፖላንዱን ዛክሳ የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ባለዋንጫ አደረገ። ፊንላንድ በመረብ ኳስ ኃያል የምትባል አገር አይደለችም። ከዚያ አገር የወጣ ተጫዋች በተጫዋችነቱ ያላየውን ከፍታ በአሠልጣኝነቱ አየ። የተጫዋችነቱ እውቀት በየአገሩ፣ በየቋንቋው፣ በየአሠልጣኙ ሥር ተፈትኖ ስለነበረ ከአንድ ሰው አካል ወጥቶ ለሩሲያዊውም ለፖላንዳዊውም የሚነገር ነገር ሆኖ ነበር ብዬ አምናለሁ።

መረብ ኳስ ይህን ነገር ከእግር ኳስ በበለጠ ያጋልጠዋል። በአንድ የጨዋታ ዙር (ሴት) አሠልጣኙ ሁለት ጊዜ ብቻ ጨዋታውን አስቁሞ ተጫዋቾቹን መጥራት ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ጊዜ የሚሰጠው 30 ሰከንድ ነው። በ30 ሰከንድ ንግግር አይደረግም፤ ቁጣ ብቻም ቢሆን ሰከንዱን ይበላዋል። የሚያስፈልገው አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሰርቩ ወደ ማን ይሂድ፣ ብሎኩ በየትኛው በኩል ይዝጋ። ያን ዓረፍተ ነገር በዚያች ቅጽበት ማግኘት የሚችለው ለዓመታት ያየውን በቃል ሲያስቀምጥ የኖረ ሰው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንግባ፤ ቀላል አይደሉምና። የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ «እንግዲያስ ተጫዋችነቱ ለምን ያስፈልጋል? ሳይጫወቱ ታላላቅ አሠልጣኝ የሆኑ አሉ» ይላል። እውነት ነው፤ ከሁሉም የሚበልጠው ማስረጃም በአገራችን አለ። በአርሲዋ በቆጂ የስፖርት መምህር የነበሩት ስንታየሁ እሸቱ በኦሊምፒክ አልሮጡም። ከትምህርት ቤታቸው ሜዳ ግን ደራርቱ ቱሉ ወጣች፤ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም በእጃቸው አለፉ። ንጉሤ ሮባም አሉ፤ በወጣትነታቸው የአጭር ርቀት ሯጭ ነበሩ፤ በአሠልጣኝነታቸው ግን የሚታወቁት በረጅም ርቀት ነው። ይህ ተቃውሞ ክርክሬን አያፈርሰውም፤ ያጠነክረዋል። አሠልጣኝነት ራሱን የቻለ ሙያ ካልሆነ የመቶ ሜትር ሯጭ እንዴት የ10,000 ሜትር ጀግኖችን ያዘጋጃል? ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ ተጫዋችነት ከንቱ ነው ማለት ስሕተት ነው። ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ራሳቸው ሯጭ ነበሩ፤ ከዚያ ሃንጋሪ ሄደው ተማሩ፤ ተመልሰውም ደራርቱን፣ ኃይሌ ገብረሥላሴን፣ ቀነኒሳን ለወርቅ አበቁ። ሩጫው ዓይን ሰጣቸው፤ ትምህርቱ ቃል ሰጣቸው። ግብፃዊው ማሕሙድ ኤል ጎሃሪም አለ። በካይሮው 4 ለ 0 ሦስቱን ጎል በእኛ ላይ ያገባው እሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ አሠልጣኝ ሆኖ ለግብፅ ዋንጫውን አመጣ፤ በተጫዋችነትም በአሠልጣኝነትም ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በሁለቱ ድሎቹ መካከል ግን ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አለ። በኢትዮጵያ ላይ ሦስት ጎል ባገባ ማግስት ብሔራዊ ቡድኑን አልተረከበም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሳይንስ የሚመስል ነው። «የእኛ ሯጮች ድል የከፍታው ነው፤ አሠልጣኙ ምን ይጨምራል?» የሚል ነው። ለዚህ መልስ ላስታን የመሰለ ቦታ የለም። በቆጂ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ላሊበላ ከተማ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ዋሻና ጥዱ የበቀለበት ተራራ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል፤ ከበላዩ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ያርጋል። የላስታ ልጅ ከሕፃንነቱ ቁልቁለትና ዳገት ያውቃል፤ ትምህርት ቤት ለመድረስ ብዙዎች ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። አየሩም እግሩም አለ። ከፍታው ብቻውን ሻምፒዮን የሚወልድ ቢሆን ኖሮ ከዚህ ተራራ ሥር የወጡት ስሞች ከበቆጂ ስሞች ጋር በእኩል በተጠሩ ነበር። በበቆጂ የነበረው ልዩ ነገር ልጆቹን በየጠዋቱ የሚጠብቅ፣ የሚመርጥ፣ የሚያርም፣ ዓመታት በአንድ ቦታ የቆየ መምህር ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ከኑሮ የመጣ ነው። «በዚህ ዘመን፣ ጦርነት ባለፈበትና ባላቆመበት አገር፣ ቱሪስቱ በቀረበት፣ ገበሬው በተቸገረበት ሰዓት ስለ ኳስ አሠልጣኝ መናገር ምን ይረባል?» የሚል ሰው ከዚህ አዳራሽ ውስጥ አይጠፋም፤ ጥያቄውም ትክክል ነው። እንጀራ ይቀድማል። እኔ ግን ከእንጀራው የሚቀነስ ገንዘብ አልጠየቅሁም። በ2009 ዓ.ም. ወልድያ ላይ ትልቅ ስታዲየም ተመርቋል፤ ያንን የመሰለ ሥራ ይህ አካባቢ ዛሬ ይድገም የሚል የለም። ሕንፃ በብር ይቆማል፤ አሠልጣኝ የሚያስፈልገው ግን በዋነኛነት ጊዜና ዕውቅና ነው። ሥራ ያጣ፣ ትምህርቱ በመሃል የተቋረጠበት ወጣት በየመንደሩ አለ። ከእነሱ ውስጥ አንዱ ለታናናሾቹ በየቀኑ ሁለት ሰዓት የሚሰጥ አሠልጣኝ ቢሆን፣ እሱ ሥራና ክብር፣ ልጆቹም የሚጠብቃቸው ታላቅ ያገኛሉ። ልጆች ከትምህርት ገበታ በራቁበት ዓመት ይህ እንደ ቅንጦት ሊቆጠር አይገባም።

ስለ መሬቱም ልናገር፤ እዚህ ላይ መረብ ኳስ ለላስታ የተሠራ ይመስለኛል። ለእግር ኳስ ወደ መቶ ሜትር የሚጠጋ ለጥ ያለ ሜዳ ያስፈልጋል፤ በዚህ ገደላ ገደል አገር እንዲህ ያለ ሜዳ ከተገኘ ወይ እርሻ ነው ወይ ግጦሽ። የመረብ ኳስ ሜዳ 18 ሜትር በ9 ሜትር ነው። ከትምህርት ቤት ቅጥር ውስጥ፣ ከአንድ አውድማ በማይሰፋ ቦታ ላይ ይዘረጋል። ሁለት እንጨት፣ አንድ መረብ፣ አንድ ኳስ በቂ ነው፤ መረቡ ለወንዶች 2.43፣ ለሴቶች 2.24 ሜትር ላይ ይታሰራል። ስድስት በስድስት ይጫወታሉ፤ ሴት ልጆችም የወላጅ ተቃውሞ ሳይበዛባቸው ከሚገቡባቸው ጨዋታዎች አንዱ ነው። በአገር ደረጃ ሙገርና ወላይታ ድቻን የመሰሉ ቡድኖች በዚህ ስፖርት ስም አላቸው። የድቻ መቀመጫ ወላይታ ሶዶም ቢሆን ከዋና ከተማው ርቆ ያለ ከተማ ነው፤ ርቀት ሰበብ አይሆነንም።

ታዲያ መንገዱ ከየት ይጀመር? ከተጫዋቹ የመጨረሻ ቀን ሳይሆን ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይጀመር እላለሁ። የስምንተኛ ክፍል ቡድን ተጫዋች የአምስተኛ ክፍልን ቡድን በሳምንት ሁለት ቀን ያሠልጥን፤ የስፖርት መምህሩ ከዳር ቆሞ ያዳምጠው፤ ሲሳሳት በልጆቹ ፊት ሳይሆን ለብቻው ያርመው። ከእነዚህ ውስጥ ማስረዳት የሚሆንለት ሲገኝ ወረዳው ይመዝግበው፤ የፌዴሬሽን የአሠልጣኝነት ኮርስ ሲከፈት ተራው የእሱ ይሁን። ዛሬ ብዙ ጊዜ ወደ ኮርስ የሚላከው ከሥራ የተረፈ ሰው ነው፤ ይህ መቅረት አለበት። ከላይ ያሉትም ቢሆኑ ቀድሞ ተጫዋች የነበረን ሰው ሲቀጥሩ ዓመታት ይስጡት። ኢትዮጵያ ከመጀመሪያው ሽንፈት ወደ ድሉ ለመድረስ አምስት ዓመት ያህል ፈጅቶባታል፤ ዛሬ አሠልጣኝ አምስት ጨዋታ ካገኘ ዕድለኛ ነው።

ለአሠልጣኝነት የቀረበ ሰው ሲመረጥም ስንት ጎል አገባህ፣ ስንት ዋንጫ አነሣህ ተብሎ የሚጀመረው ጥያቄ ሁለተኛ ይሁን። መጀመሪያ ኳስ ነክታ የማታውቅ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይሰጠው፤ ከላይ የሚመጣን ሰርቭ በሁለት ክንዷ እንዴት እንደምትቀበል፣ ጉልበቷን መቼ እንደምታጥፍ፣ ዓይኗን የት እንደምታደርግ ያስተምራት። መራጮቹም በዚያ ቀን እሱን አይመልከቱት። ሁለት ሳምንት ቆይተው ይምጡና ልጅቷን ይመልከቱ።